ዐሥራ ሰባተኛው ጨዋታ

አምለሰት በዓይኗ ያላየችውን ቁጥር አትጽፍም።

ኮተቤ፣ ከአንድ ጥርስ ሐኪም ቤት በላይ ባለችው ጠባብ ክፍል ይህን የማያውቅ የለም። ክፍሏን የተከራየው የድሮ የኮምፒውተር ጨዋታዎችን ከመጥፋት ለማዳን የተቋቋመ ትንሽ ማኅበር ነው። አምለሰት በሥራ ቀናት የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ናት፤ መጻሕፍት ትመዘግባለች። ቅዳሜ ከሰዓት ግን እዚህ መጥታ ያንኑ ሙያዋን ያለ ደመወዝ ለሲዲ ታውለዋለች።

አሁን የያዘችው የጉሬዛን ሥራዎች ነው። ጉሬዛ ከሃያ ዓመት በፊት በአዲስ አበባ የአማርኛ ጨዋታዎችን ያሳትም የነበረ ድርጅት ነው። «የታክሲው ረዳት»ን ወይም «ጅብ መጣ»ን ያልተጫወተ የዚያ ዘመን የከተማ ልጅ ጥቂት ነው። ድርጅቱ ከተዘጋ ቆይቷል። ሲዲዎቹም በየመሳቢያው ተጭረዋል፣ ከቆሻሻ ጋር ተጥለዋል። ሆኖም አሳታሚው ለእያንዳንዱ ጨዋታ መለያ ቁጥር ሰጥቶት ነበር። ቁጥሩ ሦስት ቦታ ይገኛል፤ በሽፋኑ ጠርዝ፣ በሲዲው ፊት፣ እንዲሁም በሲዲው መሐል ብርሃን ሲያርፍበት ብቻ በሚነበብ ቀጭን ቀለበት ላይ። የአምለሰት ሥራ ሦስቱንም አንብቦ እንዳለ ማስፈር ነው። የትኛው ጨዋታ ቀድሞ እንደ ወጣ፣ የትኛው በድጋሚ እንደ ታተመ፣ የትኛው ፈጽሞ እንደ ጠፋ የሚታወቀው በዚህ ነው።

«ጉሬዛ ዘጠኝ» አለች፣ ሲዲውን ወደ መስኮቱ አዘንብላ። «ሽፋኑ ዘጠኝ። ፊቱ ዘጠኝ። ቀለበቱ ስምንት።»

«ተሳስተው ነዋ» አለ ባርኮት፣ ዓይኑን ከላፕቶፑ ሳያነሳ። ባርኮት ሲዲዎቹን ፎቶ የሚያነሳውና የምታነበውን የሚጽፈው የማኅበሩ አባል ነው። «ዘጠኝ ብዬ ልለፈው?»

«ቀለበቱን ስምንት በል።»

«ስሕተት መሆኑን እያወቅን?»

«ስሕተቱ የእነሱ ነው። አንተ ምን ጨነቀህ?»

«እኔን የጨነቀኝ የሚያገባሽ ሰው ነገር ነው። የልደት ቀኑን ሲነግርሽ ‹ሰርተፊኬቱን አምጣ› ልትይው ነው።»

«አምጥቻለሁ እኮ» አለ ከበሩ ላይ ሌላ ድምፅ። «ኮፒው እሷ ጋ ነው።»

አምለሰት ዞራ አላየችውም። ማየት አላስፈለጋትም፤ የፍሮምሳ ድምፅ ወደ ክፍሉ ሲገባ የእጇ ፍጥነት እንደሚቀንስ ባርኮት እንኳ ያውቃል።

ፍሮምሳ የጉሬዛ መሥራች የአቶ ጉደታ አንድያ ልጅ ነው። አባቱ ጨዋታውን ትተው ሴራሚክ ወደ ማስመጣት ከገቡ በኋላ ሀብታቸው ጨምሯል፤ እሱም በዚያው ድርጅት መሐንዲስ ነው። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሰሞን፣ አባቱ ሊጥሏቸው የነበሩትን የሲዲ ካርቶኖች ተሸክሞ እዚህ ክፍል መጣ። «የሚፈልጋቸው ሰው አለ?» ብሎ ጠየቀ። «አስቀምጠህ እጅህን ታጠብ፤ አቧራ አለባቸው» ያለችው አምለሰት ነበረች። ከዚያ ወዲህ ሌላ ካርቶን ሳይኖረውም መምጣቱን አላቆመም።

እሷ የእንጦጦ ልጅ ናት። እናቷ ወይዘሮ ለተሥላሴ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ባለች ቤት ይኖራሉ፤ የሚሠሩት በችግኝ ጣቢያ ነው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ አራት ልጆች ያሳደጉት አፈርና ፍግ በላስቲክ እየሞሉ ነው። አምለሰት ይህን ስትናገር ድምፅዋን ዝቅ አታደርግም። ፍሮምሳ መጀመሪያ የወደደው ይህን እንደሆነ ነግሯታል።

«ነገ ምሳ እኛ ቤት ነው፤ አልረሳሽም?» አላት አጠገቧ ቆሞ። «አባዬ ከጠዋት ጀምሮ ስለ አንቺ ነው የሚያወራው። በሚቀጥለው እሑድ ሽማግሌዎቹ ወደ እናትሽ እንዲወጡ ጨርሷል።»

«ካታሎጉ ለሕዝብ የሚከፈተው በቅዳሜው አይደል?» አለ ባርኮት። «ቅዳሜ ካታሎግ፣ እሑድ ሽማግሌ። እኔ ደግሞ ሰኞ ዕረፍት እወጣለሁ።»

«የቀረን አንድ ቁጥር ነው» አለች አምለሰት። «ዐሥራ ሰባት። ዐሥራ ስድስት አለ፣ ዐሥራ ስምንት አለ፣ እሱ የለም።»

ፍሮምሳ ቁጥሩን ሲሰማ ወደ ካርቶኖቹ ተመለከተ። ከዚያ ፈገግ ብሎ አያት። ዓይኖቹ ውስጥ ግን ከፈገግታው ጋር የማይሄድ ነገር ነበር። አምለሰት ምን እንደሆነ ለመጠየቅ አልደፈረችም፤ ሌሊቱን ሁሉ ግን ከልቧ አልወጣም።

*

የአቶ ጉደታ ቤት ካራ ሰፈር ነው። ከፊቱ አስፋልት፣ ከጀርባው እስካሁን የሚታረስ የገብስ ማሳ አለ። አቶ ጉደታ ራሳቸው በር ድረስ ወጥተው ተቀበሏት። እናቷ ደኅና መሆናቸውን፣ ችግኞቹ ውርጩን ተቋቁመው እንደሆነ ጠየቋት። ምሳው ላይ ስለ ጉሬዛ ሲያወሩ ፊታቸው እንደ ወጣት በራ።

«ሰው ይስቅብኝ ነበር» አሉ። «‹ጉደታ አብዷል፣ ለልጆች ጨዋታ ፋብሪካ ከፈተ› ይሉ ነበር። ባንክ ሄጄ ብድር ስጠይቅ ‹ምን ልታመርት ነው?› አሉኝ። ‹ጅብ› አልኳቸው።»

አምለሰት ሳቀች፤ ከልቧ ወደደቻቸው።

«ታዲያ ቅዳሜ ስትከፍቱት ሁሉም አለበት?»

«ከዐሥራ ሰባት በቀር ሁሉም አለ፣ ጋሼ።»

አቶ ጉደታ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «ዐሥራ ሰባት ‹ዳገት› ነው» አሉ። «ታትሟል፤ ተሸጧል፤ አልቋል። እንደዚሁ አድርገሽ ጻፊው።»

«የተረፈ ቅጂ ካለ ባየው ደስ ይለኛል።»

«አልቋል አልኩሽ።»

«ሽፋኑም ቢሆን፣ ጋሼ። ወይም ማስታወቂያው።»

ገበታው ላይ የነበሩት እጆች ሁሉ ቆሙ። ታላቅን ሰው ለቃሉ ማስረጃ መጠየቅ በዚህ ቤት ብቻ ሳይሆን በእናቷም ቤት ነውር ነው። አምለሰት ይህን ያስታወሰችው ከተናገረች በኋላ ነው። ግን ሌላ አነጋገር አልነበራትም፤ ለማንም የምትለው ይህንኑ ነው።

«ድርጅቱን ያቋቋምኩት እኔ» አሉ አቶ ጉደታ ድምፃቸውን ሳያነሡ። «ቁጥሩን የሰጠሁት እኔ። ታዲያ ታትሟል ስልሽ አይበቃሽም?»

«ቃልዎን አልተጠራጠርኩም። ካታሎጉ ላይ ‹ታትሟል› የሚለው ቃል ‹እኔ አይቼዋለሁ› ማለት ነው። እኔ ደግሞ አላየሁትም። ያላየሁትን ‹አልታየም› ብዬ ነው የምጽፈው።»

«እንደዚያ ብለሽ ለሰው ሁሉ ልታሳዪ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

አቶ ጉደታ እጃቸውን ከገበታው አነሡ። «ልጄ፣ ሽማግሌ ይዞ የሚሄደው ቃል ብቻ ነው። ሌላ ምን አለው? ቃሌን ያልተቀበለች ልጅ ቤት ምን አስይዤ እልካቸዋለሁ?»

አምለሰት ወደ ፍሮምሳ ተመለከተች። አንድ ቃል ጠበቀች፤ ለእሷ ባይሆን እንኳ ነገሩን የሚያበርድ አንድ ቃል። ፍሮምሳ ዓይኑን ገበታው ላይ ተክሎ ቀረ።

ተነሥታ እጇን ታጠበች። አመሰገነች፤ ጎንበስ ብላ ተሰናበተች። የግቢውን በር ወጥታ ከማሳው አጠገብ እስክትደርስ ድረስ አልቸኮለችም። ያዋረዳት ሰው አልነበረም። ብቻዋን መቆሟ ነበር ያቃጠላት።

*

ረቡዕ ከሥራ መልስ አምለሰት ወይዘሮ ለተሥላሴን በራፋቸው ላይ ችግኝ እያፈሉ አገኘቻቸው።

«እንግዳ አለሽ» አሉ ቀና ሳይሉ። «ከላይ ዛፎቹ ጋ ነው። ከኪዳነ ምሕረት መታጠፊያ ጀምሮ በእግሩ ነው የመጣው። መኪና ያለው ሰው ይህን ዳገት በእግሩ ከወጣ ወይ በጣም ይወድሻል ወይ መኪናው ተበላሽቷል።»

ፍሮምሳ ባሕር ዛፎቹ መሐል ቆሞ ነበር። ከተማው ከታቻቸው በጭስና በጭጋግ ተሸፍኖ ይታያል። ጫማው ጭቃ በጭቃ ሆኗል። አምለሰት ባየችው ጊዜ ልቧ ወደ እሱ ሮጠ፤ እግሯ ግን ባለበት ቆመ።

«ዝም አልክ» አለችው።

«ዝም አልኩ።»

«አባትህን ተቃወም አላልኩህም። ግን ዓይንህን እንኳ አላነሣህልኝም።»

«ዐሥራ ሰባት ሲነሣ እኛ ቤት ማንም ዓይኑን አያነሣም፣ አምሊ።» ወደ ከተማው ዞረ። «ጨዋታው የእናቴ ነው። እሷ ናት የሠራችው። አንዲት ልጅ በጭጋግ ውስጥ ዳገት ትወጣለች፤ በየመንገዱ ሰው ታገኛለች፣ ሰው ሁሉ አንዳንድ ነገር ይነግራታል። እኔ ተጫውቼዋለሁ። እናቴ ጭን ላይ ተቀምጬ፣ እጇ እጄ ላይ ሆኖ። በዚያው ዓመት ሞተች።»

አምለሰት አንድ እርምጃ ቀረበችው። ስለ እናቱ ሲናገር ሰምታው አታውቅም።

«ከሞተች በኋላ አባዬን ‹የእማዬ ጨዋታ የታለ?› አልኩት። ‹ሰው ገዝቶ ጨረሰው፣ አሁን በየቤቱ አለ› አለኝ። ሲመሽ በረንዳ ላይ ወጥቼ በየቤቱ መብራት ሲበራ አያለሁ። እነዚያ ሁሉ የእሷን ጨዋታ የሚጫወቱ ይመስለኝ ነበር።» ወደ እሷ ተመለሰ። «ስለዚህ አለ። እኔ ምስክር ነኝ። አንድ መስመር ነው የምንለምንሽ።»

ያን ሰዓት እሺ ማለት እንዴት ቀላል ነበር። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን ያን መስመር በፍቅር ከጻፈችው፣ ሌሎቹን መስመሮች ሁሉ በምን እንደጻፈቻቸው ማን ያውቃል? እሱስ ራሱ፣ አንድ ቀን ስትምልለት፣ በዓይኗ አይታ ይሁን ለእሱ ብላ በምን ይለያል?

«መጫወትህን አምናለሁ» አለችው። «በጌታ እንደማምን አምናለሁ። ግን ሲዲውን አላየሁትም፣ ፍሮምሳ። አንተም አላየኸውም፤ ያየኸው የእናትህን ኮምፒውተር ነው።»

ፊቱ ተለወጠ። «ውሸቴን ነው እንግዲህ።»

«አላልኩም።»

«እናቴን ‹አልታየም› ብለሽ ልትጽፊያት ነው።»

መልስ ሳይጠብቅ ቁልቁል ወረደ። ጀርባው በዛፎቹ መሐል እስኪጠፋ አየችው፤ አንድ ጊዜ ቢዞር ኖሮ ትጠራው ነበር።

ቤት ስትገባ እናቷ ራት አቅርበዋል።

«ምን ቢሉሽ ነው ፊትሽ እንዲህ የሆነው?»

«ያላየሁትን አየሁ ብዬ እንድጽፍ ነው።»

«ትጽፊያለሽ?»

«አልጽፍም፣ እማ።»

ወይዘሮ ለተሥላሴ ሳህኑን ወደ ልጃቸው ገፉት። «እንግዲያው ራትሽን ብዪ» አሏት። «የበላ ሰው እንጂ የተራበ ሰው ‹እምቢ›ን እስከ መጨረሻው አይሸከምም።»

አምለሰት ግን ሁለቴ ጎርሳ ተነሣች። 

*

ዓርብ፣ ካታሎጉ ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው፣ አምለሰት የጉሬዛን ካርቶኖች በታክሲ ጭና ካራ ወሰደች። ሽማግሌ አልክም ያለ ቤት ንብረት እሷ ጋ እንዲቆይ አልፈለገችም። በባርኮት እጅ ልትልካቸው ትችል ነበር። ያስረከባት ቤት ድረስ ራሷ ካልመለሰች ግን የሸሸች ሆኖ ይሰማታል። ለፍሮምሳ የጻፈችው ደብዳቤ ላይኛው ካርቶን ላይ ነበር፤ አላሸገችውም።

በሩን አቶ ጉደታ ከፈቱላት። ብቻቸውን ነበሩ። ካርቶኖቹን አብረዋት ወደ በረንዳው አወጡ፤ «እኔ እበቃለሁ» ብትላቸውም አልተዉአትም። ደብዳቤውን ሲያዩ ቆሙ።

«ለልጁ ነው?»

«አዎ፣ ጋሼ። ግን የሚደበቅ ነገር የለበትም። ማንበብ ከፈለጉ ያንብቡት።»

መነጽራቸውን አወጡ። ደብዳቤው አጭር ነበር።

«ፍሮምሳ፣

ካርቶኖቹን መልሻለሁ። ሁሉም ተጠርገዋል፤ የተሰነጠቁት ለብቻቸው ናቸው። ከእናትህ ጭን ላይ ሆነህ የተጫወትከውን ጨዋታ እኔ አልካድኩትም፤ ልክደውም አልችልም። በረንዳ ላይ ቆሞ መብራት የሚያይ ልጅ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ከፊቴ አልሄድ ብሏል። ግን ለአንተ ብዬ የጻፍኩት መስመር እናትህን አያከብራትም። ሰው የሚከበረው ስለ እሱ እውነቱ ሲነገር ነው ብዬ አምናለሁ። እናትህን ባውቃት ደስ ይለኝ ነበር። ስሟን እንኳ አልነገርከኝም።

አምለሰት»

አቶ ጉደታ አንብበው ጨረሱና እንደገና ከላይ ጀመሩ። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ጭኗ ላይ መቀመጡን ያስታውሳል?»

«እጇ እጁ ላይ እንደነበረ ነግሮኛል።»

«ረስቶታል ብዬ ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ ረስቶታል ብዬ...» አልጨረሱም። በረንዳው ደረጃ ላይ ተቀመጡ፤ የሴራሚክ ነጋዴው ጉደታ ሳይሆኑ የደከማቸው አንድ ሽማግሌ ሆነው። ከዚያ ተነሥተው ወደ ቤት ገቡ። ሲመለሱ ትልቅ የካርቶን አቃፊ በሁለት እጃቸው ይዘዋል፤ ሕፃን እንደሚያዝ።

ውስጡ ሥዕሎች ነበሩ። በውሃ ቀለም የተሠሩ፣ ጠርዛቸው የወየበ። ጭጋግ፣ ባሕር ዛፍ፣ ቀይ አፈር፣ ነጠላ የለበሰች ልጅ ከጀርባዋ። አምለሰት አንዱን ብድግ አድርጋ ወደ ብርሃን ያዘችው፤ ሲዲ እንደምታይ።

«ይህ የእኛ መታጠፊያ ነው» አለች በቀስታ። «ከምንጩ በላይ ያለው። ይህ ዛፍ አሁን ተቆርጧል።»

«እዚያ እየሄደች ትቀመጥ ነበር። ጠዋት አደርሳታለሁ፣ ከሰዓት እመልሳታለሁ። ‹ዳገት የማያውቅ ሰው ስለ ዳገት ጨዋታ አይሠራም› ትለኝ ነበር።» አቶ ጉደታ ሥዕሉን አላዩትም፤ አምለሰትን ነበር የሚያዩት። «ግማሹን ሠራችው። ታመመች። ሌላ ሰው ይጨርሰው አሉኝ፤ አልሰጥም አልኩ። ኮምፒውተሩም ተበላሸ፤ ውስጡ ያለውን የሚያወጣልኝ ጠፋ። የሚቀጥለው ጨዋታ ሲደርስ ሠራተኞቹ ዐሥራ ሰባት ብለው ሊያትሙት ነበር። ያ ቁጥር የአስቴር ነው አልኳቸው። ዐሥራ ስምንት ብለን አለፍን። ልጁ መጥቶ ሲጠይቀኝ ግን አላለቀም፣ አይኖርም ልለው አቃተኝ። እናቱን ቀብሬ መጥቼ፣ ሁለተኛ ልቅበርበት?»

አምለሰት አላጽናናቻቸውም። አንዳንድ ኀዘን ማጽናኛ ሲነካው እንደሚደማ ታውቃለች። ቦርሳዋን ከፍታ የማኅበሩን ላፕቶፕ አወጣችና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«ሙሉ ስማቸውን ይነግሩኛል፣ ጋሼ?»

«ለምን?»

«ካታሎጉ ላይ የሠሪ ቦታ አለ። ከጉሬዛ ሃያ ሦስት ጨዋታዎች የአብዛኞቹ ሠሪ አይታወቅም፤ ‹ያልታወቀ› እያልኩ ነው ያለፍኩት። እነዚህን ሥዕሎች ግን በዓይኔ አይቻለሁ። ያየሁትን እጽፋለሁ።»

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

«አስቴር» አሉ። «አስቴር ኤጀታ።»

መስመሩን እስከ መጨረሻው ጻፈች። ከዚያ ላፕቶፑን ዘጋች። «ይህን ለፍሮምሳ እኔ አልነግረውም። ሳያውቅ ቅዳሜ ከሰው ጋር ቆሞ ሊያነበውም አይገባም።»

«አውቃለሁ» አሉ አቶ ጉደታ። «የእኔ ነው።»

የፍሮምሳ መኪና ወደ ግቢው ሲገባ አምለሰት ልትሄድ ተነሥታ ነበር። ካርቶኖቹን አየ፤ እሷን አየ፤ ፊቱ ላይ ተስፋ መቁረጥ ወጣ። ከዚያ በአባቱ ጭን ላይ የተከፈተውን አቃፊ አየና እርምጃው ቆመ።

«ና ተቀመጥ» አሉት አባቱ።

አምለሰት ወደ ግቢው ጥግ፣ ወደ አጥሩ ሄደች። የሚሉትን አልሰማችም፤ ልትሰማም አልፈለገችም። የአቶ ጉደታ ድምፅ ለረጅም ጊዜ ሲወርድ ሲነሣ ቆየ። ከዚያ ጸጥ አለ። ጸጥታው እየረዘመ ሲሄድ፣ በእልኸኝነቷ አንድ ልጅ ተሸክሞ ያደገውን መብራት ሁሉ እንዳጠፋችበት ተሰማት።

«አምሊ» አላት ከኋላዋ።

ዞረች። ዓይኖቹ ቀልተዋል። በእጁ አንድ ሥዕል ይዟል።

«በማንም ቤት የለም» አላት። «በየቤቱ አለ ብዬ... በማንም ቤት አልነበረም። በዚህ ቤት ብቻ ነበር።»

«አዎ።»

«ከእኔ በቀር ማንም አልተጫወተውም።» ድምፁ ተሰበረ፤ ግን አንገቱን አላቀረቀረም። «እንግዲያው ለእኔ ብቻ ነው የሠራችው ማለት ነው።»

 አምለሰት ላፕቶፑን ከፍታ አዞረችለት። መስመሩ እንዲህ ይላል፦

«ጉሬዛ ዐሥራ ሰባት። ‹ዳገት›። ሐሳብና ሥዕል፦ አስቴር ኤጀታ። አልታተመም። ቁጥሩ ለሥራው ተጠብቆ ኖሯል። የእጅ ሥዕሎቹ ታይተዋል። ጨዋታውን የተጫወተ፦ አንድ ልጅ።»

ፍሮምሳ ቆሞ አነበበው። ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ፣ ፊደል እንደሚቆጥር ተማሪ።

«ስምህን ልጽፈው ትፈቅዳለህ?» አለችው። «የምስክር ስም ያለ ፈቃዱ አንጽፍም።»

በእንባው መሐል ሳቁ አመለጠው። «አሁንም ፈቃድ?»

«አሁንም።»

«ጻፊው» አለ። «ፍሮምሳ ጉደታ። የአስቴር ልጅ ብለሽ ጨምሪበት።» ከዚያ ዓይኑን አንሥቶ አያት፤ በዚያ ምሳ ላይ የነፈጋትን ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚከፍላት ይመስል ነበር። «እሑድ ሽማግሌ ባይወጣም እኔ ብቻዬን እወጣ ነበር። እወቂው።»

«ብቻህን ብትመጣ እማዬ ውሃ ታጠጣህና ትመልስሃለች። እኔም አልከለክላትም።»

«እውነትሽን ነው?»

«ደስ እያለኝ አይደለም» አለች። «ግን እውነቴን ነው።»

አቶ ጉደታ በረንዳው ላይ ስልክ ይዘው ነበር። ድምፃቸው ግቢውን አልፎ ይሰማል፤ ከአንድ የዕድሜ እኩያቸው ጋር ነው የሚነጋገሩት።

«እሑድ ነው፣ አዎ፤ አልተለወጠም። እንጦጦ፣ ኪዳነ ምሕረት። መኪናው ከመታጠፊያው አያልፍም፣ በእግር ነው፤ ከዘራህን ያዝ። ... እናቷ ለተሥላሴ ይባላሉ፤ ብቻቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው፤ ቃልህን መርጠህ ተናገር። ... ልጅቷ?»

 ወደ አጥሩ ተመለከቱ።

«ከልጆቻቸው የትኛዋን ነው ብለው ከጠየቁህ» አሉ፣ «ጉደታን በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ገበታው ላይ እምቢ ያለች ልጅ ናት በል። ለልጄ የማጭለት እሷን ነው። ልክ እንዲህ ብለህ ንገርልኝ፤ አንድ ቃል እንዳታጎድል።»

አምለሰት አንገቷን ልትደፋ ፈለገች፤ እንደ ልማዱ፣ እንደ ወጉ። አልሆነላትም። ከገብሱ ማሳ የሚመጣው ነፋስ ፊቷን ሲነካው ቀና ብላ ቆመች፤ እንባዋ እስኪወርድ ድረስ ቀና ብላ፣ የፍሮምሳን እጅ በሰው ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ይዛ።